ድቡ ፓስፖርት አገኘ፤ የእኛስ?

ፓዲንግተን የሚባለውን የልጆች ፊልም ሙሉውን ያየሁት ከወጣ ከአስር ዓመት በኋላ ነው። የወጣው በ2014 ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት የማውቀው ቁርጥራጩን ነበር። የሰው ልጆች የምናሳድግ ሴቶች ፊልም የምናየው እንደዛ ነው፤ መጀመሪያውን ወተት ስናሞቅ፣ መሀሉን ልብስ ስንተኩስ፣ መጨረሻውን ልጆቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ቴሌቪዥኑን ስናጠፋ። በቅርቡ በአንዱ እሁድ ማኅበራችን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። አብረውኝ ካዩት እህቶች ያለቀሱ አሉ። "ይሄ እኮ የእኛ ታሪክ ነው" ያሉም አሉ። እኔ ግን አይደለም እላለሁ። ለምን የእኛ ታሪክ እንዳልሆነ ከገባን ምን መጠየቅ እንዳለብን ይገባናል። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፔሩ የሚባል አገር፣ ጫካ ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ድብ ከአክስቱና ከአጎቱ ጋር ይኖራል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ እንግሊዛዊ አሳሽ እዚያ ሄዶ ከድቦቹ ጋር ተወዳጅቶ ነበር። ማርማላታ አስለምዷቸዋል፤ ለንደን ከመጡም ጥሩ አቀባበል እንደሚጠብቃቸው ነግሯቸዋል። ከዚያ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። አጎቱ ሞተ፣ ቤታቸው ፈረሰ። አክስቱ የአረጋውያን ድቦች ቤት ገባች፤ ልጁን ግን አንገቱ ላይ ወረቀት አንጠልጥላ፣ መርከብ ላይ አስደብቃ ወደ ለንደን ላከችው። ወረቀቱ የሚያየው ሰው እንዲንከባከበው የሚለምን ነው። ለንደን ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ሰው ሁሉ አልፎት ይሄዳል። በመጨረሻ ብራውን የሚባል ቤተሰብ ያገኘዋል። አባትየው ዓይናችሁን መልሱ፣ ዝም ብላችሁ እለፉ ባይ ነው። እናትየው ግን አሳዘናትና ወደ ቤት ወሰደችው። ስሙንም በባቡር ጣቢያው ስም ፓዲንግተን አሉት። በኋላ አንዲት ክፉ ሴት፣ እንስሳ ገድላ ቆዳውን እየሞላች ለሙዚየም የምታቆም፣ ልትይዘው ታሳድደዋለች። ቤተሰቡ ያድነዋል። ድቡም ቤተሰብ ሆኖ ይቀራል።

ፊልሙ ደስ ይላል፤ ያስቃል። የምጣላው ከፊልሙ ጋር ሳይሆን በፊልሙ ከሚያስተምሩን ነገር ጋር ነው። ትምህርቱ ይሄ ነው፦ ለስደተኛ የሚያስፈልገው ደግ ቤተሰብ ማግኘት ነው። ይሄን ትምህርት እኛ ከማንም ቀድመን እናውቀዋለን። ከአገራችን ስንነሳ እናቶቻችን "ጥሩ ሰው ይግጠምሽ" ብለው መርቀውናል። ቤይሩት ስንደርስም ቀድማን የመጣችው የምትጠይቀን "ማዳምሽ እንዴት ናት? ጥሩ ናት?" ብላ ነው። ኮንትራትሽ ምን ይላል ብላ አትጠይቅም። ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው አትልም። ዕድል ነው እንላለን፤ የደረሰባትንም ዕድሏ ነው እንላለን። የሰው ኑሮ ሎተሪ ነው እንዴ?

እስቲ ከአንገቱ ወረቀት እንጀምር። የፓዲንግተንን መጽሐፍ በ1958 ያወጣው ማይክል ቦንድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ወረቀት የመጣለት ከጦርነቱ ጊዜ ትዝታው ነው። ያኔ ሕፃናት ከቦምብ እንዲሸሹ ሻንጣ ይዘው፣ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት አንገታቸው ላይ ታስሮ፣ ባቡር ጣቢያ ቆመው አይቷል። እኛም አውሮፕላን ማረፊያ ቆመናል። የእኛ ስም የተጻፈው ግን ተንከባከቧት ተብሎ አይደለም። ስማችን ከከፊላችን ስም ጋር ተያይዞ ነው የተጻፈው። ፓስፖርታችን በፖሊስ እጅ አልፎ ለአሠሪ ተሰጠ፤ እኛም ከፓስፖርቱ ጋር አብረን ተረከብን። ድቡ አንገቱ ላይ የነበረው ልመና ነው፤ የእኛ የዕቃ ርክክብ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ነገር በሩ ነው። ፊልሙ መሀል ላይ አንድ ማታ ቤተሰቡ ድቡን አላመነውም። ያቺ ክፉ ሴት ቤት ገብታ የሠራችውን ጥፋት እሱ ያደረገው መሰላቸው። ድቡ አዝኖ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ሌሊት በሩን ከፍቶ ወጣ። እዚህ ጋ ነው እህቶቼ ያለቀሱት። እኔ ግን የማየው በሩን ነበር። ከፍቶት ወጣ! አልተቆለፈም። ቁልፉን ማዳም ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው አልሄደችም። በማግስቱም ከቤት ወጣ ብሎ የከሰሰው የለም። መንገድ ላይም ኢቃማህን አምጣ ያለው የለም። እኛ በዚያ ሌሊት ብንወጣ ስማችን "የጠፋች" ነው የሚሆነው። በካፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳችን የታሰረው በአንድ ሰው ስም ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ከቤቱ ከወጣን፣ ብንደበደብም ደሞዝ ብንከለከልም፣ ሕገወጥ የምንባለው እኛ ነን። ድቡ ወረቀት አልነበረውም፤ ግን ነፃ ነበር። እኛ ወረቀት አለን፤ ወረቀቱ ራሱ ነው ያሰረን።

ሦስተኛው ውሃው ነው። ድቡ ገና በመጀመሪያው ማታ መታጠቢያ ቤቱን በውሃ አጥለቅልቆ፣ ገንዳው ውስጥ እንደተቀመጠ በደረጃው ተንሸራትቶ ወረደ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ግን የቤት ሠራተኛ ዓይን አይተኛምና፣ ያን ሁሉ ውሃ ማን አደረቀው? አልኩ። ፊልሙ ለዚህ ጊዜ የለውም። ድቡ አልተቀጣም፤ ምክንያቱም እንግዳ ነው። በአገራችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ይባላል። እኛ ግን ከመጀመሪያው ቀንም እንግዳ አልነበርንም። አንድ ብርጭቆ ሰብራ ከደሞዟ የተቆረጠባት ስንት አለች መካከላችን? እንግዳ አይደለንም፤ ቤተሰብም አይደለንም። ሠራተኛ ነን። ይሄ የሚያሳፍር ስም አይደለም። ሠራተኛ ማለት ሰዓት ያለው፣ ደሞዝ ያለው፣ ዕረፍት ያለው ሰው ማለት ነው። "አንቺ እኮ እንደ ልጄ ነሽ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ አንዱ ሊቀርብሽ ሲል ነው። ልጅ ደሞዝ አይጠይቅማ!

አሁን ወደ አሳሹ ልመለስ። ያ ሰው አልዋሸም። ድቦቹን ከልቡ ወዷቸዋል፤ አንዱን ገድሎ ለናሙና እንዲያመጣ ሲጠየቅ እምቢ በማለቱ የለንደን ባልደረቦቹ አባረውታል። የእሱ ችግር ሌላ ነው። አንድ ደግ ሰው በራሱ ልብ ያለውን ተስፋ ሰጠ፤ ድቡ ግን ከተማው ቃል የገባለት መሰለው። እኛም እንደዚህ ነው የመጣነው። ሁሉም ደላላ ሌባ አይደለም፤ የጎረቤት ልጅም ናት "ነይ፣ እኔ ደህና ነኝ" ያለችን። እሷም አልዋሸችም፤ ለእሷ ደህና ነበር። የእሷ ደህንነት ግን የእሷ ማዳም ጠባይ እንጂ የአገሩ ሕግ አልነበረም። የአንድ ሰው ጠባይ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። የሚተላለፈው ሕግ ብቻ ነው።

ፊልሙ ውስጥ ግሩበር የሚባል አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሽማግሌ አለ። በልጅነቱ አገሩ ሲታወክ ወላጆቹ ብቻውን በባቡር ወደ ለንደን እንደላኩት ለድቡ ያጫውተዋል። እኔን የነካኝ ከድቡ ይልቅ እሱ ነው። ይሄ ነገር በእውነቱ ዓለም ሆኗል። በ1938 መጨረሻና በ1939 እንግሊዝ ወደ 10,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ ልጆችን ከናዚዎች ለማዳን አስገብታለች። ጥሩ አድርጋለች። ግን ወላጆቻቸውን አብረው አላስገባችም፤ ብዙዎቹ ልጆች ወላጆቻቸውን ዳግም አላዩም። እናቶቹና ታላላቅ እህቶቹ የሚገቡበት አንዱ መንገድ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የቤት ሠራተኛነት! ወደ 20,000 የሚሆኑ አይሁድ፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ያኔ እንግሊዝ የገቡት በሰው ቤት ሊሠሩ በተሰጣቸው ፈቃድ ነው። መካከላቸው የተማሩ ነበሩ፤ ራሳቸው በፊት ሠራተኛ የነበራቸው ነበሩ። ለሕፃኑ ማርማላታና እቅፍ፣ ለእናቱ ሽርጥ። እነዚህን ሴቶች ድቡን እንዳስታወሰው የሚያስታውሳቸው ማነው?

ያ ድሮ ነው የምትለኝ ካለች፣ ፊልሙ የወጣበትን ዓመት እንይ። የእኛ እህቶች ከአረብ አገር ቤተሰቦች ጋር በክረምት ለንደን ይሄዳሉ፤ ታውቋቸዋላችሁ። ከ2012 በፊት እንደዚያ የገባች የቤት ሠራተኛ አሠሪዋ ቢበድላት ሌላ አሠሪ መቀየርና ቪዛዋን ማደስ ትችል ነበር። በ2012 ሚያዝያ ይህ መብት ተነሳ፤ ቪዛው ስድስት ወር ብቻ ሆነ፣ ከአንድ አሠሪ ጋርም ታሰረ። አሠሪ የመቀየር መብት የተመለሰው በ2016 ነው፤ ያውም በስድስቱ ወር ውስጥ ብቻ፣ ቪዛው ሳይታደስ። እንግዲህ አስቡት። በ2014 የለንደን ሰው ሲኒማ ቤት ተሰልፎ ለስደተኛው ድብ ሲያለቅስ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ የምትሠራ ሴት ከበደላት ሰው ቤት ወጥታ ሌላ ቤት መቀጠር በሕግ አይፈቀድላትም ነበር። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ነው? አይመስለኝም። ለድቡ ያለቀሱት ከልባቸው ነው። ግን እንባ ሕግ አይቀይርም፤ ሕግ የሚቀይረው ሌላ ነገር ነው።

ወደ ራሳችን ቤት ልግባ። ሊባኖስ ውስጥ የሠራተኛ ሕግ የወጣው በ1946 ነው። ሰባተኛው አንቀጽ በሰው ቤት የሚሠሩ ሠራተኞችን ከሕጉ ውጪ አድርጓቸዋል። የአብዛኞቻችን አያቶች ሳያገቡ የተጻፈ አንቀጽ ነው፤ ዛሬም አለ። በ2009 አንድ ዓይነት ኮንትራት ወጣ፤ የጻፉት ግን ከእኛ ይልቅ ለአሠሪ ነበር የሚያደላው። በ2020 መስከረም የሥራ ሚኒስቴር የተሻለ ኮንትራት አወጣ፦ በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ ፓስፖርት በሠራተኛዋ እጅ፣ ያለ አሠሪ ፈቃድም ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራ የመልቀቅ መብት። ዕድሜው አንድ ወር ከምናምን ነው። የመክተብ ባለቤቶች ማኅበር ከሰሰ፤ በጥቅምት የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ቤት ፍርድ ቤት አገደው። በዚያው ዓመት፣ ዶላር ጠፍቶ ኮሮና ሲገባ፣ እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አምጥተው የጣሏቸው አሠሪዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ደሞዛቸውም ፓስፖርታቸውም አልተሰጣቸውም። እነዚያም አንገታቸው ላይ ወረቀት ቢንጠለጠል ኖሮ የድቡን ይመስሉ ነበር። ግን ብራውን የሚባል ቤተሰብ አልመጣም። የደረሱላቸው እንደነሱው ስደተኛ የሆኑ ሴቶች ናቸው፤ ዳቦና ፍራሽ ያመጡት እነሱ ናቸው።

በ2024 መስከረም ቦምቡ ሲበዛም አየን። አንዳንዱ አሠሪ ሠራተኛዋን ይዟት ሸሸ። አንዳንዱ ቤቱን እንድትጠብቅ ቆልፎባት ሄደ። አንዳንዱ መንገድ ላይ ጣላት፤ መጠለያ የሆኑት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ደግሞ ስደተኛ አንቀበልም አሉ። እዚህ ላይ ነው "ጥሩ ሰው ይግጠምሽ" የሚለው ምርቃት ልኩ የታየው። በሰላም ቀን ጥሩ የነበረች ማዳም በቦምብ ቀን መኪናዋ ውስጥ አምስት መቀመጫ ብቻ ነው ያላት። ስድስተኛዋ አንቺ ነሽ።

በዚያው በ2024 መጸው ላይ ሦስተኛው የፓዲንግተን ፊልም ሊወጣ ሲል፣ የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ለድቡ ፓስፖርት ሰጠው ተብሎ ዜና ሆነ። የፊልሙ ሠራተኞች ለቀረጻ እንዲሆናቸው ጠይቀው፣ መሥሪያ ቤቱ እውነተኛ የሚመስል ናሙና አዘጋጀላቸው፤ ድብ መሆኑም ተጽፎበታል። ጨዋታ ነው፣ አውቃለሁ። እንድስቅ ነው የተሠራው። ግን በዚያው ሳምንታት እዚህ ቤይሩት ፓስፖርቷ በሸሸ አሠሪ መሳቢያ ውስጥ የቀረባት ሴት አውሮፕላን መሳፈር አልቻለችም። ለሌለ ድብ ፓስፖርት የሚያትም ዓለም፣ ላለች ሴት የራሷን ፓስፖርት ማስመለስ ከበደው። ይሄ አያናድድም?

የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። "የእኔ ማዳም እንዲህ አይደለችም" የምትል አለች። እውነቷን ነው፤ ጥሩ አሠሪዎች አሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ለእሷ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጥሩ ከሆነች ፓስፖርትሽን ጠይቂያት። ጥሩ ሰው የሰውን ፓስፖርት ይዞ ምን ይሠራበታል? ከሰጠችሽ በእውነት ጥሩ ናት። ከተቆጣች ደግሞ ጥሩነቷ እስከ መሳቢያዋ ድረስ ነበር። ግን ስትጠይቂ ብቻሽን አትሁኚ፤ እኛ ጋ ነግረሽ፣ ቀኑን ተመካክረን ጠይቂ።

ሌላዋ ደግሞ "ለልጆች ፊልም ይሄን ያህል ምን አስጨነቀሽ" ትለኛለች። የሚያስጨንቀኝ ልጆቹን የማሳድጋቸው እኛ ስለሆንን ነው። የምናሳድገው ልጅ ለድቡ ሲያለቅስ አይተናል፤ ከዚያ ፊቱን ሳይጠርግ "ውሃ አምጪ!" ብሎ ሲጮህብንም ሰምተናል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ፊልሙ የነገረው ድቡ የሚወደደው ስለሚያስቅና ቤተሰቡን ስላስደሰተ ነው። ስደተኛ እንዲከበር ማስደሰት አለበት ማለት ነው? ያላስደሰተችውስ? የታመመችው፣ የደከማት፣ ፊቷ የማይስቅላትስ? መብት ማለት እኮ ባትወደጂም የማይቀርብሽ ነገር ነው። እኔ የማሳድጋቸው ልጆች ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ ከፊልሙ ካላገኙት ከእኛ አፍ ይስሙት።

የምንጠይቀውም አዲስ ነገር አይደለም። በ2011 ሰኔ 16 ቀን ጄኔቫ ላይ የዓለም የሥራ ድርጅት 189ኛውን ስምምነት ተቀብሏል። የቤት ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ ናት ይላል፦ የሳምንት ዕረፍቷ ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ እንዲሆን፣ ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ፣ በዕረፍቷ ቀን እዚያው ቤት እንድትቆይ እንዳትገደድ። ሊባኖስ አላጸደቀችውም። ሰኔ 16 የቤት ሠራተኞች ቀን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኬክ ቆርሰን ፎቶ የምንነሳበት ብቻ አይሁን።

እስከዚያ ግን በእጃችን ያለውን እናድርግ። ፓስፖርትሽን፣ ኢቃማሽን፣ ኮንትራትሽን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ለምታምኛት እህትም ላኪላት። ደሞዝ የተከፈለሽበትን ቀንና መጠን በደብተር ጻፊ፤ ያልተከፈለሽንም ጻፊ። አዲስ የመጣች ስታገኚ "ማዳምሽ ጥሩ ናት ወይ" ከማለትሽ በፊት ፓስፖርቷ የት እንዳለ፣ ዕረፍቷ መቼ እንደሆነ፣ የቤቱ ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነ ጠይቂያት። ለእናትሽም በድምፅ ስትልኪ "ጥሩ ሰዎች ናቸው" ብቻ ብለሽ አትተዪው፤ የምትሠሪበትን ቤት ስምና አድራሻ ንገሪያት።

ደግነት ከመጣ እሰየው፤ ቡና አፍልተን እንቀበለዋለን። ግን ደግነት እስኪመጣ አንገታችን ላይ ወረቀት አንጠልጥለን ጣቢያ አንቆምም። ዓረብኛ ማንበብ የሚችሉ እህቶች በየእሁዱ ማኅበራችን ክፍል አሉ። የኮንትራታችሁን ፎቶ ይዛችሁ ኑ፤ የፈረማችሁበትን ነገር መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን።